ጥላዋን የሰረዝንባት ሳተላይት

ግንቦት 3 ቀን 2013
ዛሬም ስብሰባ። የመምህራን ክበባችን ሳተላይት የጡብ ያህል ናት። ንድፏ ከተወደደ አንድ የውጭ የአማተር ሬዲዮ ማኅበር በነፃ ያመጥቅልናል። የኃይል ሠንጠረዡ የእኔ ነው፤ ከፀሐይ ስንት ይገባል፣ ስንት ይወጣል። በአማካይ የሚገባው 1.25 ዋት። ሬዲዮዋና ኮምፒውተሯ 0.9 ይበላሉ። ደስ ብሎኝ ነበር የገባሁት…

ዝናቡ፣ የጂኦግራፊው መምህር፣ "ካሜራ ከሌላትማ ምኑን ሳተላይት ሆነች? ሐይቃችንን ፎቶ ታንሳልና!" አለ። 0.4 ዋት። ሰብሳቢያችን ጋሽ ኃይለ መስቀል ደግሞ በየደቂቃው "ሰላም ለዓለም ከሐይቅ ከተማ" እንድትል ፈለጉ። ለዚያውም በራሳቸው ድምፅ። 0.6 ዋት።

ማን እምቢ ይላቸዋል? ፊዚክስ ያስተማሩኝ እሳቸው።

ግንቦት 11
ተናገርኩ። ምድርን በዘጠና አምስት ደቂቃ ትዞራለች፣ ሠላሳ አምስቱን ደቂቃ የምድር ጥላ ውስጥ ናት፣ ያኔ ፀሐይ የለም፣ አልኩ።

"አሪፋ ልጄ፣ እዚያ ላይ ደመና አለ እንዴ?" አሉ ጋሽ ኃይለ መስቀል። ሁሉም ሳቀ።

ያውቃሉ እኮ! ጥላ ምን እንደሆነ በጠመኔ ስለው ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው። "በይ ጥላውን ትተሽ አስይው።" ተውኩት። ሁለት ዋት ገባ፣ 1.9 ወጣ። አጨበጨቡ።

ከሥር "አዘጋጅ" የሚለው ላይ ፈረምኩ። ምሳ አልበላም አለኝ። እሳቸው ናቸው ያስጠሉኝ ወይስ የራሴ ይሉኝታ?

ጥቅምት 27 ቀን 2014
ከተማው በጦርነቱ ከተያዘ ሳምንት ሆነው። መብራት የለም፣ ኔትወርክ የለም። እህቴ ኑርሀያት ውጫሌ ናት፤ ትኑር አትኑር አላውቅም…

የሳተላይቷ የሙከራ የፀሐይ ፓኔልና ባትሪ እኔ ቤት ናቸው። ጋሽ ኃይለ መስቀል በጠዋት መጡ። ባለቤታቸው እትዬ አጸደ አስም አለባቸው፤ መድኃኒቱን የሚስቡባት ትንሽ ማሽን ቻርጅ ጨርሳለች። "አሪፋዬ…" ብቻ አሉ። ተቀብያቸው ሰካኋት።

ኅዳር 1
ወሬው ተሰማ። ሀሚድ ሬዲዮኑን፣ ኡሙሀኒ የእጅ ባትሪዋን፣ ዝናቡ ስልኩን። ኔትወርክ በሌለበት ስልክ! "ፎቶ እያየሁ ልጽናና ብዬ ነው፤ አብሽሪ፣ ትንሽ ናት የምትበላው።"

ሁሉም ትንሽ ናት ይላል። ሁሉንም ሰካሁ። አሁንም እምቢ ማለት አላውቅበትም።

ኅዳር 3
ሁለት ቀን ደመና። ባትሪው አለቀ። የእትዬ አጸደ ማሽን መሐል ላይ ቆመች። ከንፈራቸው ጠቆረ። ጋሽ ኃይለ መስቀል ግቢዬ ውስጥ ቆመው ሰማዩን ሰማዩን ያያሉ። አስር ሰዓት ላይ ፀሐይ ብቅ ባትል ኖሮ… ተረፉ። አልሐምዱሊላህ።

እኔ ነኝ ልገድላቸው የነበርኩት። ለዝናቡ ፎቶ ብዬ! ራሴን ተጸየፍኩት። ካርቶን ላይ "ለመድኃኒት ብቻ" ብዬ ጽፌ በሩ ላይ ለጠፍኩ። ዝናቡ አኮረፈ። ያኩርፍ።

ታኅሣሥ 20
ከተማው ተለቀቀ፣ ኔትወርክም ተመለሰ። መጀመሪያ የገባው የኑርሀያት መልእክት። "አለሁ።" ሌላ ምንም የለውም። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ቀጥሎ የማኅበሩ ኢሜይል። ንድፋችን አልፏል። የኃይል ሠንጠረዡን ያዘጋጀችውን መምህርት "ስለ ጥንቃቄዋ" አመስግነዋል። ጥንቃቄዋ! ትፍ።

ታኅሣሥ 23
ስብሰባ። "ጥላውን መልሼዋለሁ። የድሮው ላይ ያለው ፊርማዬ ውሸት ነው፤ ይህንኑ ጽፌ እልካለሁ" አልኩ።

"አልፏል እኮ! ማን ጠየቀሽ?" ዝናቡ ነው።

ጋሽ ኃይለ መስቀል ሠንጠረዡን ወደ ራሳቸው ሳቡ። "ካሜራውም ድምፁም ከቀረ ስንት ይተርፋል?"

"0.35።"

"ታዲያ ለዓለም ምን ትላለች?"

"በደቂቃ አንዴ ቲት። አለሁ ማለቷ ነው።"

እስክሪብቶዬን ተቀበሉኝና "ሰላም ለዓለም" የሚለውን በገዛ እጃቸው ሰረዙት። ቀና ብለው ግን አላዩኝም።

ላክሁት። ይጥሉን ይሆናል። ይጣሉን… ምሳዬን ግን ጥርግ አድርጌ በላሁ።