ከሞዴልነት እንዲያወርዱኝ

ቀን፦ 12/07/17

ለአነስተኛ ሥራዎች ማደራጃና የመሥሪያ ቦታ አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት (አምስተኛ ፎቅ)

ጉዳዩ፦ የተሰጠኝ የሞዴልነት ሽልማት ተነሥቶልኝ ወደ ቀድሞው አነስተኛነቴ እንድመለስ ስለመጠየቅ

አመልካች በጽሕፈት ቤትዎ ሥር በሚተዳደረው ሼድ ቁጥር አሥራ አራት ውስጥ በጫማ ሥራ የምተዳደር ነኝ። ክቡርነትዎ ሥራ እንደሚበዛብዎ አውቃለሁ። ነገር ግን ሰው ሁሉ "ሸልሙኝ" እያለ ደጅ በሚጠናበት ቢሮ "ሽልማቴን ውሰዱልኝ" ብላ የመጣች ምናልባት የመጀመሪያዋ እኔ ሳልሆን አልቀርም። ስለዚህ የነገሩን አመጣጥ ከሥሩ ላስረዳ ግድ ሆኖብኛል፤ ቢረዝምም ታግሠው እንዲያነቡልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

1. ሥራዬን በተመለከተ። የምሠራው ጫማ ለሁሉም እግር አይደለም። አንዱ እግራቸው ካንዱ ላጠረ፣ ለተጣመመ፣ በአደጋ ለጎደለ፣ በሕመም ላበጠ ሰዎች ነው። እኔም ራሴ ግራ እግሬ አጭር ነው። አባቴ ጫማ ሠሪ ነበር። ትምህርት ቤት በገባሁበት ዓመት፣ የሰፈሩ ልጆች ከኋላዬ ተሰልፈው እንደኔ እያነከሱ ሲከተሉኝ ከሱቁ በር ላይ ሆኖ አየ። ገብቶ በሩን ዘጋና ጫማ ሠራልኝ፤ ከውስጥ በቡሽ ከፍ አድርጎ፣ ከውጭ ደግሞ ከተረከዝ እስከ ጣት ቀይ ክር ዳር ዳሩን ሰፋበት። በማግሥቱ ልጆቹ ሁሉ ዓይናቸው ቀዩ ክር ላይ ሆነ፣ እግሬን ረሱት። እኔም ከዚያ ቀን ወዲህ ሌላ ሙያ አላማረኝም።

እንግዲህ ሙያዬ ይኸው ነው፤ የሶሉን ውፍረት ደብቆ፣ ዓይንን በስፌት አታልሎ፣ ጫማውን ሠርግ ቤት የሚያስገባ ማድረግ። የሐኪም ቤት ዕቃ የሚመስል ጫማ ከእጄ ከወጣ ለእኔ ሞት ነው። ለእያንዳንዱ ደንበኛ የራሱ ፎርማ አለኝ። ፎርማ ማለት በእግር አምሳል የተጠረበ እንጨት ነው፤ ጫማው የሚሰፋው በእሱ ላይ ነው። አንዱን ጥንድ መጨረስ ሳምንታት ይፈጃል። ከቤት ወጪ የሚተርፍ ባይኖረኝም የማንም እጅ አይቼ አላውቅም።

2. ሞዴል የሆንኩበትን ሁኔታ በተመለከተ። ከደንበኞቼ አንዷ አስተማሪ ናት። አዲስ የሠራሁላትን ጫማ ተጫምታ በስልኳ ቪዲዮ ቀረጸችና ለጓደኞቿ ላከች። እነሱም ለሌላ፣ ሌላውም ለሌላ ሲያቀባብል ወሬው ከእናንተ ቢሮ ደረሰ። የጽሕፈት ቤትዎ ባለሙያ መጥቶ "ነገ ኮሚቴ ይጎበኝሻል፣ ቤቱ ሞላ ብሎ ይታይ" አለኝ። ለፎቶ መስሎኝ ነበር። በማግሥቱ እሱ ራሱ የጎረቤቱን አናጢ ከነመጋዙ፣ ቦርሳ የምትሰፋውን ሴትዮ ከነመኪናዋ፣ ምሳ ልታቀብለኝ የመጣችውን የባለቤቴን እኅት ከነሳህኗ አምጥቶ በየጥጉ አቆማቸው።

ኮሚቴው ገብቶ መቁጠር ጀመረ። እግራቸውን ልለካቸው ጫማ አውልቀው አግዳሚው ላይ የተቀመጡ ሁለት ደንበኞች ነበሩ። እነሱም ሠራተኛ ተብለው ተቆጠሩ። ይባስ ብሎ "ሠራተኞች በባዶ እግራቸው በመገኘታቸው የሥራ ደኅንነት ይሻሻል" የሚል አስተያየት ተጻፈብኝ። መደርደሪያው ላይ የነበሩት ፎርማዎች ደግሞ ለገበያ የተዘጋጀ ምርት ተባሉ። "ኧረ እነዚህ እንጨት ናቸው!" ልል አፌን ስከፍት፣ ባለሙያው ዝም በይ ለማለት እግሬን ረገጠኝ። ደግነቱ ጤነኛውን ነው።

3. መቼም ሰው ነኝና፣ በሽልማቱ ቀን በአዳራሽ ስሜ ሲጠራ ደስ አላለኝም ብል ውሸት ነው። ጭብጨባው እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። ባለቤቴ ወደ መካከለኛ ማደጌን የሚመሰክረውን ሰርተፊኬት በመስተዋት አስገብቶ ከአልጋችን ራስጌ ሰቀለው። ከዚያን ቀን ጀምሮ የቤታችን ጨዋታ "መካከለኛዋ፣ ሻይ አፈላሽ?" ሆነ። ሳምንት ሳይሞላ ግን ደብዳቤ ደረሰኝ። ደብዳቤው ወደ መካከለኛ ድርጅት በመሸጋገሬ "እንኳን ደስ አለዎት" ይላል። ዝቅ ብሎ ደግሞ ሼዱ ለአዲስ ተደራጆች ስለሚሰጥ በወሩ መጨረሻ እንዳስረክብ፣ ካላስረከብኩ ዕቃዬ ውስጡ እንዳለ በሩ እንደሚታሸግ ይገልጻል። እንኳን ደስ አለዎትና ውጡ በአንድ ወረቀት ላይ ተጽፎ ሳይ እጄን በአፌ ጫንኩ።

4. ተለዋጭ ተብሎ የተሰጠኝን ቦታ በተመለከተ። ቦታው የመካከለኛ ድርጅቶች ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ክፍሉ ሰፊ ነው፣ ብርሃንም አለው፣ አላማሁትም። ነገር ግን ሊፍት የለውም። የሊፍቱ ጉድጓድ አለ፣ ሰው እንዳይገባበት ጣውላ ተመትቶበታል።

ያቺ አስተማሪ ከልጅነቷ ጀምሮ ቀኝ እግሯ የሰለለ ነው። "በእኔ ቪዲዮ የመጣ ጣጣ ነው፣ አብሬሽ ልየው" ብላ ተከተለችኝ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ስንደርስ ምርኩዟን ለእኔ ሰጥታ ግድግዳውን ተደገፈች፤ ላቧ ከግንባሯ እስከ አገጯ ይወርዳል። እንመለስ አልኳት። መውረዱ ደግሞ ከመውጣቱ ባሰ። ያቺ አርባ ተማሪ ቀጥ አድርጋ የምታስተምር ሴት፣ በሥራ ልብሷ መሬት ቁጭ ብላ፣ እንደ ሕፃን ልጅ አንድ አንዱን ደረጃ እየተንፏቀቀች ወረደች። ሰው ባጠገባችን ይወጣል ይወርዳል። አንዱ "ይቅርታ" ብሎ በላይዋ ተሻገራት። ታች ስንደርስ ቀሚሷን አራገፈችና "ላንቺ ብዬ ወጣሁ፤ ለጫማ ብዬ ግን ሁለተኛ አልወጣትም" ብላ ሳቀች። እኔ ሳቁ እምቢ አለኝ። ግንቡን ተደግፌ አለቀስኩ። እሷ ካልወጣች ማን ይወጣልኛል?

እዚያው ሕንፃ ሥር፣ ከመግቢያው በስተግራ፣ አንድ ክፍል አይቻለሁ። በመስኮቱ አጮልቄ ስመለከት እስከ ጣሪያው ድረስ የተሰባበሩ የቢሮ ወንበሮች ተከምረውበታል። ክቡርነትዎ ይፍረዱኝ፤ እግራቸው የተሰበረ ወንበሮች ምድር ቤት ተሰጥቷቸው፣ እግራቸው የታመመ ሰዎች አራተኛ ፎቅ ውጡ ይባላሉ?

5. ያደረግሁትን ጥረት በተመለከተ። ወደ መዝገብ ቤት ሄጄ ወደ አነስተኛነቴ መልሱኝ አልኩ። "እኛ ጋ ያለው የሚያሸጋግር ቅጽ ነው፣ የሚመልስ ቅጽ የለንም" ተባልኩ። እንግዲያው ከስራለች በሉኝ ብል "ሞዴል አይከስርም፣ ሪፖርቱ ወደ በላይ አካል ሄዷል" አሉኝ። ፈቃዴን ልመልስና ልገላገል ብዬ ደግሞ ሞከርኩ። ፈቃድ ለመመለስ ከዕዳ ነፃ ናት የሚል ክሊራንስ ያስፈልጋል፤ ክሊራንስ የሚያገኘው ሼዱን ያስረከበ ነው፤ ሼዱን ለማስረከብ ደግሞ የአዲሱን ክፍል ቁልፍ መረከቤን የሚያሳይ ፊርማ ይጠየቃል። በየትኛውም በር ብገባ የምወጣው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። መግቢያ መውጫ አጣሁ።

ከግለሰብ ልከራይም ሞክሬአለሁ። አንዱ አከራይ የመዶሻውን ድምፅ ሰምቶ ፊት ነሳኝ። ሌላዋ ደግሞ ደንበኞቼን አይታ "እነዚህ በር ላይ ሲቀመጡ ገበያዬን ያርቁብኛል" አለችኝ። ለእሷ የምመልሰው ብዙ ነበረኝ፣ ሆድ ይፍጀው ብዬ ትቼዋለሁ።

የጽሕፈት ቤትዎ ባለሙያ በበኩሉ "ለምን ለጤነኛ እግር አትሠሪም? አንድ ቅርጽ፣ ብዙ ቁጥር፣ ቶሎ ታድጊያለሽ" ብሎ መክሮኛል። ምክሩ ከቅንነት ነው፣ አልጠላሁትም። ነገር ግን ለጤነኛ እግር ጫማ በየመንገዱ ዳር በሸራ ላይ ተዘርግቶ እየተለመነ ይሸጣል። እዚያ ገበያ ውስጥ እኔን ማንም አይፈልገኝም። የሚፈልጉኝ እነዚያ ሱቅ ገብተው ሻጩ እግራቸውን አይቶ ዓይኑን የሚሰብርባቸው ናቸው። አባቴም ለአንዲት አጭር እግር ብሎ ነው በሩን የዘጋው፣ ሊያድግ ብሎ አይደለም።

6. ሼዱን የሚረከቡትን በተመለከተ ሐቁን መደበቅ አልፈልግም። ሁለት እኅትማማቾች ናቸው፣ የቆዳ ቦርሳ ይሠራሉ። ባለፈው ሳምንት ሜትር ይዘው ክፍሉን ሊለኩ መጡ። እኔን ሲያዩ ሜትሩን ከኋላቸው ደበቁት። ታላቂቱ "እትዬ፣ በሞቴ እንዳይቀየሙን፤ እኛም ሦስት ዓመት ወረፋ ጠብቀን ነው" አለችኝ። እናታቸው ቤት፣ አልጋ ሥር ቆዳ እያስቀመጡ፣ ማታ አልጋውን አጥፈው ነው የሚሠሩት። ታናሺቱ መደርደሪያውን ቀና ብላ አየችና "እነዚህ ሁሉ ሰዎች ናቸው?" ብላ ጠየቀችኝ። አዎ፣ ሰዎች ናቸው አልኳት። ልጆቹን መጥላት አማረኝ፣ አልቻልኩም። የእኔ መቆየት የእነሱ መቅረት እንዲሆን አልሻም።

7. ጉዳዩ አስቸኳይ የሆነበት ምክንያት። ከእነዚያ ሠራተኛ ተብለው ከተቆጠሩት ባለ ባዶ እግሮች አንዷ ሙሽራ ናት። መኪና ግማሽ እግሯን ወስዶባታል። "ትንሽ ታኮ ይኑረው፣ ከሙሽራው ትከሻ ልድረስ" ብላኝ፣ አይሆንም ልላት ብዬ ዓይኗን ሳይ እሺ አልኩ። ታኮውን ሦስት ጊዜ ሠርቼ ሦስት ጊዜ አፈረስኩት፤ በአራተኛው ቆማ ሄደችበት፣ ሼዱ ውስጥ ከጥግ እስከ ጥግ፣ ምንም ሳትይዝ። አሁን የቀረው የላይኛው ቆዳ ነው፣ ፎርማው ላይ ተወጥሮ ይገኛል። ሠርጉ በሩ ከሚታሸግበት ቀን አምስት ቀን በኋላ ነው። ከታሸገ የሚታሸገው እንጨትና ቆዳ ብቻ አይደለም። የእያንዳንዱ ደንበኛዬ እግር እዚያ ውስጥ አለ፤ እንደገና ልለካቸው ብል ግማሾቹ የት እንዳሉ እንኳ አላውቅም። ይህንን ሳስብ ሌሊት እንቅልፍ አይወስደኝም፣ ባለቤቴም ካለፈው ሳምንት ወዲህ "መካከለኛዋ" ብሎ አልጠራኝም።

ስለሆነም ክቡርነትዎ፦

ሀ) ከሞዴልነት ዝርዝር ተሰርዤ ወደ አነስተኛ እንድመለስ፤ ቅጹ ከሌለ በተራ ወረቀትም ቢሆን እቀበላለሁ፤

ለ) ይህ የማይቻል ከሆነ፣ ሼዱ ለእኅትማማቾቹ ተሰጥቶ እኔ በዚያ ምድር ቤት ክፍል እንድገባ፤ ወንበሮቹን አራተኛ ፎቅ የማስወጣውን ወጪ እኔ እችላለሁ፤

ሐ) ሁለቱም እስኪወሰኑ ድረስ በሩ እንዳይታሸግ እንዲያዙልኝ በታላቅ አክብሮት አመለክታለሁ።

በመጨረሻም ይህንን ማመልከቻ ራሴ ያላቀረብኩት ከንቀት እንዳይቆጠርብኝ። ካሁን በፊት ሦስት ጊዜ እስከ አምስተኛ ፎቅ ወጥቼ፣ ሦስቱንም ጊዜ "ስብሰባ ላይ ናቸው" ተብዬ ወርጃለሁ። ዛሬ ጠዋት ጉልበቴ አብጦ እምቢ አለኝ። ስለዚህ የጻፍኩት እዚሁ ሕንፃዎ በር ላይ፣ ዘበኛው በለቀቁልኝ ወንበር ተቀምጬ ነው። ከወንበሩ በላይ ግድግዳው ላይ የእኔው ፎቶ "እንደ እርሷ ወደ ላይ!" ከሚል ጽሑፍ ጋር ተሰቅሏል። ዘበኛው ፎቶውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ከዚያ እግሬን አዩና "እርስዎ ነዎት እንዴ?" አሉኝ። ፎቶው የተነሣው ከወገብ በላይ ነው። ወረቀቱን እሳቸው ያደርሱልኛል፣ እግዜር ይስጣቸው።

ለመልሱ ተመላለሺ እንዳይሉኝ እለምናለሁ። የሚመልስ ቅጽ ባይኖርም ደረጃው ግን ወደ ታችም ያወርዳል፤ ወርደው ቢያነጋግሩኝ ደስ ይለኛል። ካልተመቸዎትም ግድ የለም፣ ሥራዎን ይጨርሱ። እኔ እስከ መውጫ ሰዓት እዚሁ ተቀምጫለሁ። ሕንፃው ሌላ በር እንደሌለው ዘበኛውን ጠይቄ ተረድቻለሁ።

ከምድር ቤት፣ ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
የሼድ ቁጥር አሥራ አራት ጫማ ሠሪ