ከእህቴ ቤት የቆረጥኩት ቋሚ

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 8፣ ጠዋት

ምርጊቱ ገና አልደረቀም። እጄ ጭቃ ነው፣ ገጽህን ካቆሸሽኩ ይቅር በለኝ ደብተሬ። የእህቴ የየሺ ቤት አዲስ በር ገባለት። ባለሁለት ተከፋች ብረት። እዚህ ፍኖተ ሰላም ወረፋው ሲበዛብኝ ቡሬ አስበይጄ አስመጣሁት። መስኮቶቹም ብረት ሆኑ፣ ከነፍርግርጋቸው። የድሮው የእንጨት በር ጠባብ ነበር። የየሺ ልጅ ባንቺ ወንድ ልጅ ወልዳ እናቷ ቤት ትታረሳለች፤ ባሏ መራዊ ሥራ ላይ ነው። ለክርስትናው ዘመድ ይጎርፋል። በሩን ያሰፋሁት ለክርስትና አባትየው ቦርጭ ነው አልኳት ባንቺን። በሳቋ ሕፃኑን ቀሰቀሰችው።

ይህ ላንተ ብቻ። የበሩ ፍሬም፣ ቴላዮው፣ አልገባ ሲል አንድ ቋሚ ቆርጫለሁ። ከበሩ በላይ የተጋደመውን ጉበን የተሸከመውን። ከዚያ በጭቃ መረግኩት፣ አይታይም። አናጢነት ማንም አላስተማረኝም፣ እያየሁ ነው የለመድኩት። ቤት ደግሞ ብዙ አይቻለሁ።

ባለፈው ሳምንት ማዘጋጃ ቤት ሄጄ ነበር። ኢንጂነሯ ልጅ እግር ናት። ረጋ ብላ አስረዳችኝ። የውጭ በርና መስኮት በነበረው ልክ ከተቀየረ ማሳወቅ ይበቃል። ክፍተቱ ከሰፋ ወይም ቋሚ ከተነካ ግን ፕላን፣ ፈቃድ፣ መጥቶ የሚያይ ባለሙያ። ቋሚ ይነካል ወይ አለችኝ። ቋሚ ቀርቶ ዝንብ አልነካም አልኳት። ፈገግ ብላ «በነበረው ልክ» ብላ ጻፈች። እያፏጨሁ ወጣሁ።

ማታ

በሩ ከላይ ይፋጫል። ጠዋት በአንድ ጣት ነበር የሚዘጋው። በሞረድ ፈገፈግኩት። የሺ ምን ሆነ አለች። ዝናቡ አሳበጠው አልኳት። ብረት መሆኑን ረስታው እንደሆን እንጃ፣ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። እኔ አልረሳሁም።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 10

ስንጥቅ። ከበሩ ጥግ ተነሥቶ ወደ ላይ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ፣ እስከ ባንቺ አልጋ ራስጌ። ክር ታህላለች። ጭቃ አቡክቼ ደፈንኳት። ለክርስትናው ላሳምረው ብዬ ነው አልኩ። የሺ መረቀችኝ።

ዓርብ፣ ሐምሌ 11፣ ማለዳ

ስንጥቁ ምርጊቱን ቀዶት ወጥቷል። አሁን ጥፍሬ ይገባበታል። ቆርቆሮው ነፋስ ሳይኖር ቀጭ ይላል። የባሕር ዛፍ ግንድ አምጥቼ ከጉበኑ ሥር አቆምኩ። ምንድን ነው ቢሉኝ የዳሱ ነው አልኩ።

ባንቺ ከግድግዳው ሥር ተኝታ ታጠባለች፣ ታንጎራጉራለች። ጭቃው ውስጥ ቋሚ እንደሌለ የማውቅ እኔ ብቻ ነኝ። ጓሮ ያለችው ክፍሌ ገብቼ ቀጭ የሚለውን እጠብቃለሁ። ሳይል ሲቆይ ደግሞ የባሰ እፈራለሁ።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 12

ሞከርኩ። ባንቺን ለጥቂት ቀን ጎረቤት እናድርጋት አልኩ። የሺ አፈጠጠችብኝ። አራስ በዚህ ዝናብ ከቤት ታወጣለህ፣ ምች ሊመታት? ባንቺ ትስቃለች። ጥፋቱ የኔው ነው፤ ባለፈው እሑድ ጅብ ጓሮ ገባ ብዬ ዋሽቼ የሺን ዱላ አስይዤ አስሩጫለሁ።

«አሁን ደግሞ ቤቱ ሊወድቅ ነው በለና» አለች የሺ።

አዎ ልል አፌን ከፈትኩ። እነሱ ሳቁ። አብሬ ሳቅሁ።

እሑድ፣ ሐምሌ 13፣ ረፋድ

የሺ ቤተ ክርስቲያን ነበረች። ውሃ ልቀዳ ስወጣ ብርድ እንዳይገባባቸው በሩን ገፍቼ ዘጋሁት። ስመለስ አይከፈትም። ጉበኑ ተጭኖታል። ያቆምኩት ግንድ መሬት ውስጥ ሰምጧል። በመስኮት እንዳልገባ ፍርግርግ፣ ራሴ ያስበየድኩት።

«ይክፈቱት እንጂ አያ ሙሉ፣ ልጁን ሊያስነሡብኝ ነው» ትላለች ባንቺ ከውስጥ።

ቀልድ አይደለም አልኳት። ይብስ ሳቀች። ከዚያ ጭቃ ከላይ ሲረግፍ ሰማሁ። እሷም ሰማች። ሳቁ ቆመ።

ሮጥኩ። ጎረቤታችን የአይሱዙ ሾፌር ነው። ምንም ሳይጠይቀኝ የመኪና ማንሻውን፣ ክሪኩን፣ ይዞ መጣ። ድንጋይ አነጠፍን፣ ክሪኩ ላይ ግንድ አቆምን፣ ጉበኑን ቀስ እያልን አነሣነው። በሩ ተላቀቀ። ባንቺ ልጇን በሆዷ ሸፍና ጥግ ላይ ተቀምጣለች። ፀጉሯ ላይ አፈር። ጋቢ አከናንቤ፣ ምች እንዳይመታት ቢላዋ አስጨብጬ ሾፌሩ ቤት አስገባኋት። አላየችኝም።

ማታ፣ ሾፌሩ ቤት

ለየሺ ነገርኳት። ቤቱ ድረስ ወስጄ ቋሚው የነበረበትን ቦታ በጣቴ አሳየኋት። ትጮኻለች ብዬ ነበር። ዳሰሰችው፣ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። ከዚህ ቤት ሌላ ምን አለኝ አለችና ወደ ልጇ ሄደች።

ማዘጋጃ ቤት ከሰማ አፍርሱት ሊል ይችላል። ካልሰማ ራሱ ይፈርሳል። አዲስ ቋሚ ልትከልበት? በምን እውቀቴ? ዛሬ መዶሻ አንሥቼ መልሼ አስቀመጥኩት።

ሰኞ፣ ሐምሌ 14፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት

ቤቱ ቆሟል። በክሪክ። ሌሊቱን የዘነበው ሁሉ ደረቴ ላይ ነው የዘነበው።

ሾፌሩ ዛሬ ቡሬ የሚያደርሰው ጭነት አለው። ያለ ክሪክ መንገድ አልወጣም፣ እስከ ምሳ ግን እታገሣችኋለሁ አለ። ሰውየው ምን ያድርግ። ክሪኩ ከተነሣ ግድግዳው ይከተለዋል።

ወሰንኩ። ለኢንጂነሯ ከሰላምታ በፊት ቋሚ ቆርጫለሁ እላታለሁ። ዋሽቼሻለሁ እላታለሁ። ግድግዳውን አፍርስ ካለችኝ አፈርሳለሁ፣ ከቀጣችኝም ትቅጣኝ። ብቻ መጥታ ትየው፣ እስከዚያ ጣሪያውን ምን እንደሚይዘው ትንገረኝ። እዚያ በር ላይ ደርሼ ምላሴ ወደ ለመደው እንዳይሮጥ ነው የምፈራው። ፈርቼ ስናገር ሰው ይስቃል፣ ምን እንደማደርግ አላውቅም።

የሺ ነጠላዋን አደግድጋ መጣች። የቤቱን ካርታ በፌስታል ይዛለች። ከትናንት ወዲህ ስታናግረኝ የመጀመሪያዋ ነው፤ ብቻህን ብትሄድ ቀልድ ይመስላቸዋል፣ ተነሥ፣ እኔ ነኝ የምናገረው አለችኝ። ጫማዬን አስሬ ልከተላት ነው።