እማዬ ደጁን አልረግጥም ያለችው ቤት

መጋቢት 4

ከእማዬ ቤት ጀርባ የቆፈርኩትን አፈር ጠርሙስ ውስጥ ከውሃ ጋር በጥብጬ ቢሮ ወሰድኩት። ባልደረባዬ "መድኃኒት ነው?" አለኝ። አዎ አልኩት፣ ለመገላገል ያህል። ቀኑን ሙሉ የሰው ኮንክሪት ቤት ስነድፍ ዋልኩ፤ ዓይኔ ግን ጠርሙሱ ላይ። ስንቴ ከወንበሬ እንደተነሳሁ እንጃ። ወደ አሥራ አንድ ሰዓት አሸዋው ከታች፣ ሸክላው ከላይ እየተለየ መጣ። አሸዋው በዛ ያለ ነው... ለጭቃ ጡብ ይሆናል።

መጋቢት 11

ምሳ ላይ ለእማዬና ለወንድሜ ነገርኳቸው። ከእማዬ ቤት ጀርባ ባለው ባዶ ቦታ የጭቃ ቤት ልሠራ ነው አልኩ። ወንድሜ ሳቀ። ብሎኬት አምራች ነው፤ ምን ያድርግ? "እህቱ ጭቃ ውስጥ ገባች ሊሉኝ ነው?"

"ያንተ ብሎኬት ቀን ያቃጥለናል፣ ሲመሽ ያንዘፈዝፈናል። ሲሚንቶ ከሩቅ እያስጫንን፣ እግራችን ሥር ያለውን አፈር ለማስጣል መኪና እንከራያለን።"

መጉረሱን ቀጠለ። እማዬ ግን በልተን ሳንጨርስ ሳህኖቹን ሰበሰበች። ኩሽና ሆና፣ "ሥሪው። እኔ ደጁን አልረግጥም" አለች።

መጋቢት 12

ደጁን አልረግጥም? ምን በደልኳት? አንዱን ክፍል ለእሷ እኮ ነው ያሰብኩት።

መጋቢት 27

ግንበኛው ሥራ ጀመረ። ከቅጥነቱ የተነሳ ሚስማር ይሉታል። "ስም ያወጡልኝ ሰዎች በጭቃ እንደምሠራ አላወቁም" አለኝ። አፈሩንና ጭዱን በእግሩ ረግጦ አቦካ፤ ጡቡን በቅርጽ ማውጫው እያወጣ ፀሐይ ላይ ደረደረ። እኔ ጠዋት ከሥራ በፊት፣ ምሳ ሰዓት፣ ከሥራ መልስ እሄዳለሁ። እነካለሁ። እገለብጣለሁ።

"እህቴ፣ ስላፈጠጡበት ቶሎ አይደርቅም።"

ልክ ነው። ግን ቁጭ ማለት አልቻልኩም።

ሚያዝያ 9

ያልታሰበ ዝናብ። ከቢሮ ሮጬ ስደርስ ወንድሜ ቀድሞኝ ከመኪናው ሸራ እያወረደ ነው።  ጡቡን አብረን አለበስነው። ግማሹ ጡብ ግን ሟሙቷል።

ሸራው ሥር ተጠግተን ቆመን ሳለ፣ "እማዬ ለምን እንደከፋት ታውቂያለሽ?" አለኝ።

"ኧረ አላውቅም።"

"ከእኔ በፊት ልጅ ነበረቻት። የጭቃ ግድግዳ በዝናብ ተንዶባት ነው የሞተችው። እኔም ከአክስታችን ነው የሰማሁት። እማዬ አንስታው አታውቅም።"

ሸሚዙ ከጀርባው ተጣብቋል። 

ሚያዝያ 10

ሚስማርን እንዳትመጣ አልኩት። ቢሮ አንድ መስኮት ሁለት ጊዜ ሣልኩ።

ሚያዝያ 14

እማዬ የታጠበ ልብስ ስታጥፍ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ተነሳሁ። ተመልሼ ተቀመጥኩ።

"ምን ያቁነጠንጥሻል?"

"እተወዋለሁ። ቤቱን።"

ማጠፏን አላቆመችም። ስለ ልጅቷ መስማቴ ገብቷታል። "ስድስት ወሯ ነበር" አለች። "ግድግዳው መሠረት አልነበረውም። ከመሬት ነበር የጀመረው። ውሃው ከሥር በላው፤ ማን አይቶ?" ፎጣ አንስታ፣ "ያንቺስ ከምን ላይ ነው የሚነሳው?"

"ከድንጋይ።"

"እስከ የት?"

ጉልበቴን አሳየኋት። ጎንበስ ብላ አየችው።

"ነገ ውሰጂኝ።"

ሚያዝያ 15

መጣች። ለመሠረት የተቆፈረውን ቦይ ዙሪያውን ዞረችው። መልሼ የጠራሁት ሚስማር በአክብሮት፣ "እማማ፣ ድንጋዩ እስከ ጉልበት ይበቃል፤ ጣሪያውም ወጣ ብሎ ውሃውን ያርቃል" አላት።

"ጨምር።"

"እስከ የት?"

መዳፏን ወገቧ ላይ አደረገች። ሚስማር እኔን አየኝ። እኔ ንድፉን አየሁ... ከዚያ እርሳስ አወጣሁ። ከሰዓት በኋላ የወንድሜ የብሎኬት መኪና ድንጋይ ጭኖ መጣ።

ሰኔ 18

ጣሪያው አለቀ። ልስኑ ደረቀ። እማዬ በየቀኑ ትመጣለች፤ ትዞረዋለች፤ እንዲህ አድርጉ ትላለች። በሩ ላይ ስትደርስ ትመለሳለች። ግቢ አልላትም። ብላት ባትገባስ?

ሐምሌ 6

ከምሳ በኋላ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ። እማዬ ቤት ስደውል አይነሳም። መሥሪያ ቤቱን ትቼ ወጣሁ። ቤቷ የለችም። ወደ ጀርባ ሮጥኩ።

አዲሱ ቤት ውስጥ ናት። ወንበር ይዛ ገብታ፣ ዝናቡ በሚገርፈው ግድግዳ በኩል ተቀምጣለች።

"እማዬ፣ ምን እያደረግሽ ነው?"

"እያየሁት። ተቀመጪ።"

ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ስንት ሰዓት እንደቆየን አላውቅም፤ አንዴም አልተነሳሁም። ዝናቡ ሳያባራ እማዬ የሆነ ስም ጠራች። የማን እንደሆነ አልጠየቅኩም። ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው፤ የእህቴን ስም ስሰማ ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው።

"በዝናቡ አልሰማሁሽም" አልኳት። ሰምቻለሁ።

ደገመችልኝ።