ጣውንትሽን ሳጥብ ዋልኩ

እዚያም ሆነሽ ለምትስቂብኝ ለባለቤቴ ለአስካለ፤

ሙት ዓመትሽን ካወጣንልሽ ሰነባበተ። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ግን ጀሞ አራተኛ ፎቅ ላይ መኖራችንን እስካሁን ይቅር አላለኝም።

ዛሬ ጣውንትሽን ሳጥብ ዋልኩ። ወንዱ ልጃችን ከዱባይ ያመጣልንን፣ ያቺን በሪሞት የምትሄድ ትንሽ ጀልባ ማለቴ ነው። ቢሾፍቱ ሐይቁ ዳር ዓሣ ልናጠምድ ተቀምጠን ሆዷን በሊጥ ሞልተን የምንልካት፤ ክንዳችን ወርውሮ ከማይደርስበት ሄዳ፣ ቁልፉን ስትጫኚ ሆዷን ከፍታ ለዓሣ ምሳ የምታቀርብ። ስወለውላት አየሽና «በስተርጅና ጣውንት መጣችብኝ» አልሽ፤ ስሟ ሆኖ ቀረ። ሪሞቱን ግን አንዴ ከነካሽው ወዲያ መልሰሽ አልሰጠሽኝም። እኔ ስነዳት ቄጠማ ውስጥ ትገባለች፤ አንቺ ስትነጂያት እንደ ጀሞ ሚኒባስ በጠባቡ ሹልክ ትል ነበር።

ልጃችን ሰብለ ትሸጥ አለች። ገዢ አግኝታለች፤ ቅዳሜ ይመጣል፣ ንጹህ ሆና ትጠብቀው አለችኝ። ክፋት አይደለም፤ በረንዳው ጠቧት ነው። እኔም ክንዴ ዝሏል፤ እሺ አልኩ።

ውሃ የሚመጣበት ቀን ስለሆነ በሳፋ ቀድቼ ጀመርኩ። ባትሪዋን አወጣሁ። ፕሮፔለሯ ላይ የተጠመጠመውን ክርና ሣር በመቀስ ቆርጬ አነሳሁ፤ ዘንጓን ግራሶ ቀባሁ፤ ጥጋጥጓን በጥርስ ብሩሽ ፈተግኩ። በማን ብሩሽ እንደሆነ አትጠይቂኝ፤ ሰብለም ገና አላወቀችም።

በመጨረሻ ሆዷን ልክፈት ብል እምቢ አለኝ። ሊጥሽ ነው። አታጭቂባት፣ በሩ ላይ ይጣበቃል እያልኩ ስንት ጊዜ ለፈለፍኩ፤ አንቺ «እንግዳ በቁንጣሪ አይጋበዝም» ትያለሽ። በቢላ ጫፍ ፈልቅቄ ስከፍተው፣ እርድ የነካው ሊጥሽ እንደ ድንጋይ ደርቆ ጥግ ይዟል። መሐሉ ላይ አውራ ጣትሽ የተጫነበት ጎድጓዳ አለ። የእኔን ጣት ሰደድኩበት፤ አልገባም።

ለብ ያለ ውሃ ባፈስበት ይሟሟል፤ ገዢውም ደስ ይለዋል። ለብ ያደረግኩት ውሃ ሳፋው ውስጥ እስኪቀዘቅዝ ድረስ አላፈሰስኩበትም። ደክሞኛል አስኩ። ለሰው ሲሆን ዕድርተኛው ሁሉ ለቅሶ ይደርሳል፤ ለደረቀ ሊጥ ማን ይደርሳል?

ሰብለን ጠርቼ ሰውዬውን አትምጣ በይው አልኳት። ለምን ስትለኝ ጣውንት አይሸጥም አልኩ። ሳቀች፤ ከዚያ ጎንበስ ብላ የጀልባዋ ሆድ ውስጥ ያለውን አየችና ማልቀስ ጀመረች።

ቅዳሜ እኔና እሷ ቢሾፍቱ እንወርዳለን። ሊጥሽ እንዳለ፣ ከነጣትሽ ምልክት ይሄዳል፤ ውሃው ያርሰው፣ ዓሦቹ ይጨርሱት። ቄጠማ ውስጥ ብከታት እንዳትስቂ። ስመለስ ሆዷን አጥባለሁ፤ ስሟን ግን አልቀይርም። ሐይቁ ዳር ሰው ስሟን መጠየቁ አይቀርም። ጣውንት ትባላለች ብዬው የማን ጣውንት ናት ሲለኝ፣ የአስካለ እለዋለሁ። ከዚያ አስካለ ማን እንደሆነች ነግሬው እስክጨርስ፣ ዓሣ ሳንይዝ ይመሽብናል።