ከሱሪው ስፌት ውስጥ ያገኘሁት

ማክሰኞ፣ ግንቦት 12 ቀን፣ ከሱቅ

ለመርፌዬ፣ ለበኩር ልጄ፤

ከስፌት መኪናዋ ጀምሮ እስከ እናትሽ ድረስ ሁላችንም ደህና ነን። ጉልበቴ ብቻ ደረጃ በወጣሁ ቁጥር ያጉረመርማል፤ እሱንም ለምደነዋል። አንቺስ? እዚያ ልብስ ፋብሪካ ምሳሽን ቁጭ ብለሽ ትበያለሽ?

ዛሬ የምነግርሽ የታናሽ እህትሽን፣ የቄንጢትን ጉድ ነው። ለአጎትሽ ልጅ ሰርግ በስልኳ ሱሪ አዘዘች። የሰሞኑ ፋሽን ነው አሉ፤ ወገቡ ጠባብ፣ እግሩ እንደ ድንኳን የሰፋ፣ ቀለሙ ወይን ጠጅ። ዋጋውን ስትነግረኝ ደነገጥኩ፤ በዚያ ገንዘብ ዚፑና ክሩ እንኳ አይገዛም።

«እኔ አልሰፋልሽም?» ብላት፣

«አባዬ፣ አንተ የሰፋኸው አስር ዓመት ይቆያል። ፋሽኑ በሁለት ወር ያልፋል፤ የቀረውን ዘመን ምን ላድርገው?» አለችኝ። እናትሽ ከት ብላ ሳቀችብኝ።

ሰርጉ ላይ ጭፈራው ደርቶ ሙሽራው ሁሉንም «ቁጭ! ብድግ!» ያሰኛል። ቄንጢት ብድግ ስትል ሱሪው አብሯት ብድግ አላለም። የመቀመጫው ስፌት ከወገብ እስከ ጭን ተተረተረ! አክስትሽን ታውቂያት የለ፤ ብርጭቆዎቹን አነሳስታ የጠረጴዛውን ልብስ ገፈፈችና ወገቧ ላይ ጠመጠመችላት። እህትሽ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? ጭፈራዋን ቀጠለች! ሁለት ልጃገረዶች ደግሞ ቀረብ ብለው «ይሄን ቀሚስ ከየት ገዛሽው?» አሏት።

በማግስቱ ሱሪውን ይዛ ሱቅ መጣች። ገልብጬ አየሁት። ስፌቱ ዘርዛራ ነው፤ ክሩ ጫፉ ላይ አልታሰረም፤ ለማስፊያ የተተወ ትርፍ ጨርቅ የለውም። መጀመሪያ ተሳደብኩ። ኋላ ልብ ብዬ ሳየው ግን መስመሩ ቀጥ ያለ ነው፤ የኪሱ ኩርባማ እኔም የምኮራበት ነው። የሰፋችው ባለሙያ ናት፤ ጊዜ ነው የነፈጓት። ወገቡን ስፈታው ከውስጥ በኩል የክብሪት ራስ የምታህል ቡናማ ነጥብ አገኘሁ። ደም ነው። ጣቷን መርፌ ወግቷት፣ መኪናውን ሳታቆም ቀጥላለች።

ለቄንጢት አሳየኋት። ያቺ ለፍላፊ ነጥቧን በጣቷ ዳሰሰቻት። «አባዬ፣ የእህቴ ደም ይሆን እንዴ?» አለችኝ።

«ስንት ፋብሪካ አለ፣ ልጄ» አልኳት። «ማናትም ትሁን፣ ያው የሰው ልጅ ናት።»

መርፌዬ፣ ባለፈው በላክሽው ፎቶ ላይ የግራ እጅሽ ጣት ታስሯል። ሽንኩርት ስከትፍ ነው ብለሽ ጽፈሻል። እኔ አርባ ዓመት የሰፋሁ ሰው ነኝ፤ ቢላ የሚቆርጠውንና መርፌ የሚወጋውን ቦታ ለይቼ አውቃለሁ። አልቆጣሽም። እውነቱን ግን ጻፊልኝ፤ በቀን ስንት ሱሪ ነው የሚያሰፉሽ?

ቄንጢት ሱሪውን አልጣለችውም። ከጎኔ ቁጭ ብላ ቦርሳ አደረገችው። አንዱ ማንገቻ ከሌላው ይረዝማል፤ እሷ «ፋሽን ነው» ትላለች። ጓደኞቿም ይሄን አይተው የተተረተረ ልብሳቸውን በፌስታል እየሞሉ መምጣት ጀመሩ። ትናንት አንዷ ያመጣችው ሸሚዝ ቁልፎቹ ገና ሳይለበስ ረግፈዋል! ሱቁ መቆሚያ የለውም። ለሁለት ባለሙያ የሚበቃ ሥራ አለ። ነይ ማለቴ አይደለም፤ ወሬ መንገሬ ነው።

ጣትሽን ያድንልሽ፤ ዓይንሽን ይጠብቅልሽ፤ ለሚያዝሽም ሰው ልብ ይስጠው። እናትሽ ሁለቱንም ጉንጭሽን ሳም አድርግልኝ ብላለች።

አባትሽ፣ ልብስ ሰፊው

እኔ ነኝ፣ ቄንጢት። ፖስታውን አሽጊው ብሎ ሰጥቶኝ ነው። አባዬ ይሄን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ነው የጻፈው። የመጀመሪያውን ከጠረጴዛው ሥር ተጨማዶ አገኘሁት። ያለበት አንድ ቃል ብቻ ነው፦ ነይ።