ሰባት ባዶ ወንበሮች፦ የመምህርት የወይንሐረግ ኅሩይ የሕይወት ታሪክ

መምህርት የወይንሐረግ ኅሩይ ከአባታቸው ከአቶ ኅሩይ አስፋና ከእናታቸው ከወይዘሮ አሰለፈች ሙላቱ መስከረም 27 ቀን 1949 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከተማ፣ ጉለሌ፣ ሩፋኤል ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ተወለዱ። ለቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ናቸው። ይህን የጻፍኩት እኔ እንድሪያስ የአራት ዓመት ታናሻቸው ነኝ። ዕድሜዬን ሙሉ «እትዬ» ስላቸው ኖሬአለሁ፤ ዛሬ በጉባኤ ፊት ስለሆነ በማዕረጋቸው እጠራቸዋለሁ።

ወደ ትምህርታቸው ከማለፌ በፊት አንድ ነገር ላስቀድም። ከፊት ረድፍ ሰባት ወንበሮች ባዶ ናቸው። የተያዙት መምህርት የወይንሐረግ ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ ሲያዘጋጇቸው ለቆዩት ሰባት ጎልማሳ ተማሪዎች ነው። ተማሪዎቹ ይህ በሚነበብበት በዚህ ሰዓት እዚሁ ዙሪክ ውስጥ ፈተና ላይ ተቀምጠዋል። መምህሩን ሳይቀብር ፈተና የሚሄድ ምን ዓይነት ሰው ነው ያለ በመካከላችን አለ። መጀመሪያ ያልኩት እኔ ስለሆንኩ ማንንም አልወቅስም። ሐሳቤን ለምን እንደለወጥኩ ግን ታሪካቸውን ሳልተርክ ማስረዳት አልችልም።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በአካባቢያችን በነበረው የመንግሥት ትምህርት ቤት ገብተው፣ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍልን በ1966 ዓ.ም. አጠናቀቁ። ከልጅነታቸው ሂሳብ ይወዱ ነበር። ስድስተኛ ክፍል ሳሉ መምህራቸው ሰሌዳ ላይ የተሳሳተ መልስ ሲጽፉ አይተው ዝም አሉ። ቤት መጥተው ለእናታችን ሲነግሯቸው እናታችን «ደግ አደረግሽ፤ ትልቅ ሰው በሰው ፊት አይታረምም» ብለው አመሰገኗቸው። እኔም እዚያው ቆሜ እሰማ ነበር፤ የጨዋ ቤት ልጆች በመሆናችን ኮራሁ። ያ ጨዋነት ምን እንደሚያስከፍላቸው ያወቅነው ከሃያ አምስት ዓመት በኋላ ነው።

በ1967 ዓ.ም. በእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ አርሲ ተልከው ገበሬዎችን ማንበብና መጻፍ አስተማሩ። ጎልማሳ ማስተማር የጀመሩት ያኔ ነው። ከዘመቻ ሲመለሱ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ገብተው ሂሳብ ማጥናት ቢጀምሩም በሁለተኛው ዓመት ታሰሩ። ከዐሥራ አራት ወር በኋላ ሲፈቱ ወደ ትምህርታቸው እንዳይመለሱ ተከለከሉ። ጥፋታቸው ምን እንደሆነ ያኔ የነገራቸው አልነበረም፤ እስከ ዛሬም የነገረን የለም። በ1975 ዓ.ም. መጨረሻ በሱዳን በኩል ከአገር ወጡ። ከዚህ በኋላ የምጠቅሰው ዘመን በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

በ1984 መገባደጃ ጄኔቫ ገቡ። ላንሲ ውስጥ አንዲት ክፍል ተሰጥታቸው በአንድ ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ተቀጠሩ። ፈረንሳይኛው አፋቸው ላይ ሲፈታላቸው፣ ያቋረጡትን ትምህርት መቀጠል ይችሉ እንደሆነ ለመጠየቅ ወደ አንድ የምክር ቢሮ ሄዱ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ባለ አራት መስመር ደብዳቤ ደረሳቸው። ጥያቄያቸው ከሁኔታቸው ጋር እንደማይሄድና በያዙት ሥራ ቢቀጥሉ እንደሚሻላቸው ይገልጻል። እኔ ብሆን ቀድጄ እጥለው ነበር። እሳቸው በመስታወት አስገብተው ግድግዳ ላይ ሰቀሉት። ደብዳቤው አርባ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ዛሬም እዚህ ዙሪክ፣ ቪዲኮን ሰፈር በሚገኘው የማስተማሪያ ክፍላቸው ተሰቅሏል።

በ1988 ከአቶ ጴጥሮስ ቢረሳው ጋር በሥርዓተ ተክሊል ጋብቻቸውን ፈጽመው ሶሊያናንና ሳራን ወለዱ። ልጆቹ ከፍ ከፍ ሲሉ፣ ወረቀቱ ያልተሟላለት ጎልማሳ በፈተና ዩኒቨርሲቲ የሚገባበት መንገድ እንዳለ ሰሙ። ሁለት ዓመት ብቻቸውን አጠኑ፤ ከሥራ መልስ፣ ልጅ አዝለው፣ ትራም ውስጥ ቆመው። በ1994 ተፈተኑ። የጽሑፉን ፈተና በጥሩ ውጤት አለፉ። በቃል ፈተናው ላይ ከሦስቱ ፈታኞች ትልቁ፣ ጸጉራቸው የሸበተው፣ ሰሌዳ ላይ ቀመር ጽፈው «ትክክል ነው አይደል?» ብለው ጠየቁ። ቀመሩ የተሳሳተ ነበር። መምህርት የወይንሐረግ ስህተቱን ገና ተጽፎ ሳያልቅ አይተውታል። ነገር ግን አንገታቸውን ደፍተው «እርስዎ ካሉ ልክ ነው» አሉ፤ በዚህች መልስም ወደቁ። ሰውዬው ሆን ብለው እንደተሳሳቱ የሰሙት ኋላ ነው። ላንሲ እስኪደርሱ ትራሙ ውስጥ በንዴት አለቀሱ። ያን ቀን ማንም ከዩኒቨርሲቲ በር አልመለሳቸውም፤ የመለሳቸው ይሉኝታ ነው።

በዓመቱ ተመልሰው ሄዱ። ሽማግሌው ፈታኝ እዚያው ነበሩ፤ እንደገና የተሳሳተ ነገር ጻፉ። በዚህኛው ጊዜ መምህርት የወይንሐረግ ተነሥተው ጠመኔውን ከሰውዬው እጅ ተቀብለው ስህተቱን አጠፉትና ትክክለኛውን ጻፉ። ጠመኔውን ባይቀበሉም ያልፉ እንደነበር ሲተርኩት ይናገሩ ነበር፤ ግን ደስ እንዲላቸው ነው የተቀበሉት።

በሆስፒታሉ በግማሽ ቀን እየሠሩ በ2001 በሂሳብ ትምህርት ተመረቁ። በቀጣዩ ዓመት ባለቤታቸው ሥራ ሲቀይሩ ቤተሰቡ ወደ ዙሪክ ተዛውሮ ዜባህ ሰፈር ተቀመጠ። ከፈረንሳይኛው ድካም ገና ሳያርፉ፣ በአርባ አምስት ዓመታቸው ጀርመንኛን ከሀ ሁ ጀመሩ። ከዚያም ጡረታ እስከወጡበት እስከ 2020 ድረስ በአንድ የሙያ ትምህርት ቤት ሂሳብ አስተምረዋል። አቶ ጴጥሮስ በ2016 አርፈዋል።

በ2004 ዜባህ በሚገኘው ሳሎናቸው ከሦስት ሰዎች ጋር የቅዳሜውን ክፍል ከፈቱ። ሳሎኑ ሲጠብ ቪዲኮን የሚገኝ አንድ ቤተ ክርስቲያን አዳራሹን ፈቀደላቸው። የሚመጡት ሆቴል የሚያጸዱ፣ አረጋውያን የሚንከባከቡ፣ ወጥ ቤት የሚሠሩ፣ ከሠላሳ እስከ ሃምሳ ዓመት የሆናቸው ሰዎች ናቸው። የእኛ አገር ክርስቲያንም ሙስሊምም፣ ኋላ ላይም የሶርያና የአፍጋኒስታን ሰዎች ተምረውበታል። አንድ የተከለከለ ቃል ነበር፦ «አልፎብኛል»። ይህን ያለ ሰው ሰሌዳው ጋ ሄዶ አንድ ጥያቄ ይሠራል። ለልጆቼ ስል እኔ ቀረሁ የሚል እናትና አባት ሲመጣ ደግሞ፣ ልጅዎ ይህን ውለታ ጠይቆዎታል ወይ ይሉ ነበር። ብዙ ሰው ተቀይሟቸዋል።

የመጀመሪያው ትምህርት ያ ደብዳቤ ነው። ተማሪው እያነበበ «ምክንያቱን አሳየኝ» ይባላል። ተማሪው ይፈልጋል፣ ይፈልጋል፤ ምክንያት የለውም። ምክንያት የሌለው ወረቀት መልስ አይደለም ይሉና ድርሰት መጻፍን ከዚያ ይጀምራሉ። ሁለተኛው «የአይደለም ሰዓት» የሚባለው ነው። ለዚህ የሚፈለገው ሰው እኔ ነበርኩ። በወር ሁለት ጊዜ ሙሉ ልብስ ለብሼ፣ ከረባት አስሬ፣ ከምኖርባት ከጄኔቫ በባቡር እመጣለሁ። ሥራዬ ፈታኝ ሆኜ መቀመጥና ኮስተር ብዬ ስህተት መናገር ነው። ተማሪው ዓይኔን እያየ «ይህ ትክክል አይደለም፤ ምክንያቱን ላስረዳ» ማለት አለበት። ምክንያቱ ካሳመነ እኔ «ልክ ነህ» ብዬ ከወንበሬ እነሣለሁ። ቀላል ይመስላል። ግንባር ላይ የዋለ የሃምሳ ዓመት ሰው እኔን «አይደለም» ማለት አቅቶት ላብ ሲያጠምቀው አይቻለሁ። ዕድሜ ይስጥዎ ጋሼ ብሎ ጉልበቴን ሊስም የመጣም ነበር፤ እሱን መምህርት የወይንሐረግ ለአንድ ወር ያህል ቆመው አሠለጠኑት።

በሃያ አንድ ዓመት ውስጥ ከዚህ ክፍል አንድ መቶ ዐሥራ ስምንት ሰው ተፈትኗል። ሰባ አራቱ አልፈዋል፤ አርባ አራቱ ወድቀዋል። የወደቁትን ቁጥር ብተወው ይቆጡኝ ነበር፤ ለእያንዳንዳቸው ውጤት በወጣ ማግስት የሚደውሉት እሳቸው ነበሩና። በልማዳችን በዚህ ቦታ ሟች ትሑት፣ ታጋሽና ዝምተኛ ነበሩ ተብሎ ይጻፋል። ትሑት አልነበሩም። ታጋሽም አልነበሩም። ዝም ያሉት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ አንዱን እናታችን አመሰገኗቸው፣ በሁለተኛው ወደቁ።

ባለፈው የካቲት ጣፊያቸው አጠገብ ካንሰር ተገኘ። ሐኪሙ በአማካይ ምን ያህል ወር እንደሚቀር ሲነግሯቸው፣ አማካዩ ከስንት ሰው እንደተወሰደና ትንሹና ትልቁ ስንት እንደሆነ ጠየቁ። ሐኪሙ በሚቀጥለው ቀጠሮ ወረቀቱን ይዘው መጡ። እስከ ሰኔ ድረስ ቅዳሜ ቅዳሜ ቪዲኮን ሄደው አስተማሩ፤ ከሐምሌ ጀምሮ ተማሪዎቹ ዜባህ እየመጡ ሶፋ ላይ እንደተኙ አስተማሯቸው። በእኛ አቆጣጠር እሑድ ነሐሴ 18 ቀን 2017 ዓ.ም. ጠዋት፣ ልጆቻቸው ከጎናቸው ሆነው፣ በተወለዱ በ68 ዓመታቸው ዐረፉ።

የከተማው የቀብር ጽሕፈት ቤት የሰጠን ቀንና ሰዓት ዛሬ ዓርብ ጠዋት ነው። ተማሪዎቹ የሚፈተኑበት ሰዓት ይኸው ነው። ወደሚቀጥለው ሳምንት ይዛወርልን ብንልም አልተቻለም። ሰኞ ከሰዓት በኋላ ለቅሶ ቤት፣ በሽማግሌዎች ፊት፣ ሰባቱን ጠርቼ ተናገርኩ። ፈተና በየዓመቱ አለ፤ እትዬ የሚቀበሩት አንድ ጊዜ ነው፤ መቅረት ነውር ነው አልኳቸው። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ስድስቱ አንገታቸውን ደፉ።

ሀጅራ መሐመድሰዒድ አልደፋችም። ሀጅራ የደሴ ልጅ ናት፣ አርባ ሦስት ዓመቷ ነው፤ በአረጋውያን መኖሪያ ወጥ ቤት ትሠራለች። አገሯ ሳለች ያቋረጠችውን የፋርማሲ ትምህርት መጨረስ ትፈልጋለች። ተነሥታ ዓይን ዓይኔን እያየች «ጋሽ እንድሪያስ፣ ይህ ትክክል አይደለም፤ ምክንያቱን ላስረዳ» አለች። «አንደኛ፣ ፈተናው የሚሞከረው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። እኔ አምና ወድቄአለሁ። ከቀረሁ እንደወደቀች ነው የምቆጠረው፤ ለእኔ ሌላ ዓመት የለም። ሁለተኛ፣ መምህር ሐምሌ ላይ ራሳቸው ነግረውናል። ቀብሬና ፈተናችሁ ከተጋጠሙ እንዳላያችሁ ብለዋል። ሦስተኛ፣ እርስዎ ኮስተር ብለው ስህተት ሲናገሩ እንዳንፈራ ያሠለጠኑን እሳቸው ናቸው።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ይገሥጻት ይሆናል ብዬ ጠበቅሁ፤ የገሠጻት የለም። እኔም በውስጤ መልስ ፈለግሁ። የነበረኝ «ሰው ምን ይላል» የሚል ብቻ ነበር፤ እሱ ደግሞ ምክንያት አይደለም። «ልክ ነሽ» ብያት ከወንበሬ ተነሣሁ። እንግዶቹ ልሸኛት የተነሣሁ መሰላቸው። ሰባቱ ግን ያውቃሉ፤ ሀጅራ ያለቀሰችው ያኔ ነው።

መምህርት የወይንሐረግ የሁለት ሴት ልጆች እናትና የሦስት ልጆች አያት ነበሩ። ልጆቻቸው ሶሊያናና ሳራ፣ የልጅ ልጆቻቸው፣ እኔ ወንድማቸው፣ እንዲሁም ያለፉትም የወደቁትም ተማሪዎቻቸው በሐዘን ላይ እንገኛለን። በሕመማቸው ጊዜ ላስታመማችኋቸው፣ ዛሬም ከጄኔቫና ከሌሎች ከተሞች መጥታችሁ ለምትሸኟቸው ሁሉ ቤተሰቡ ከልብ ያመሰግናል።

ፈተናው ስድስት ሰዓት ላይ ያበቃል። ሰባቱም ከዚያ በቀጥታ ዜባህ ለቅሶ ቤት ይመጣሉ። በር ላይ «የት ነበራችሁ» የሚላቸው ሰው እንዳይኖር አጥብቄ እለምናለሁ፤ «እንዴት ነበር» በሏቸው። ይህን ስህተት ነው የሚል ወገን ካለ፣ ዓይኔን እያየ ምክንያቱን ያስረዳኝ። ካሳመነኝ እነሣለታለሁ።

በሥራቸው ደክመው ያላረፉትን እኅታችንን እግዚአብሔር በቅዱሳን ማረፊያ ያሳርፍልን፤ አንገት ለደፋ ሁሉ ቀና ማለትን እንዳስተማሩ እሳቸውንም በፊቱ ቀና አድርጎ ያቁምልን። ሰባቱን ወንበር በሚመለከት ልክ እሳቸው ነበሩ። ለጸሎቱ ሁላችንም ከወንበራችን እንነሣ።