የወይዘሮ አልጣሽ ፈንታ የሕይወት ታሪክ፦ ከሸክላው ላይ የተቆረጠው ስም

ወይዘሮ አልጣሽ ፈንታ ከአባታቸው ከአቶ ፈንታ ገብረየሱስና ከእናታቸው ከወይዘሮ ጠጄ ኪዳነ ወልድ፣ በመንዝ ማማ ምድር፣ ከሞላሌ ገበያ ብዙም በማይርቅ መንደር በ1912 ዓ.ም. ተወለዱ። የቤቱ በኩር እሳቸው ሲሆኑ፣ ቀጥሎ አቶ ተገኘ፣ ከብዙ ዓመት በኋላ ደግሞ አቶ አፈወርቅ ተወለዱ። እናታቸው ከአራስ ቤት ሳይወጡ ስላረፉ፣ ሕፃኑን አፈወርቅን አዝለው፣ የላም ወተት እየጋቱ ያሳደጉት ወይዘሮ አልጣሽ ናቸው። ያን ጊዜ እሳቸውም ገና የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበሩ።

በዘመኑ ሴት ልጅ ወደ ቄስ ትምህርት ቤት ስለማትላክ ፊደል አልቆጠሩም። የተማሩት ከአክስታቸው ነው፤ የተማሩትም ሙሾ ማውጣት ነው። ቀላል ሙያ የሚመስለው ሰው ካለ አንድ ቀን ለቀስተኛ ፊት ቆሞ ይሞክረው። የሟቹን ስም፣ የአባቱን ስም፣ የሠራውን፣ ሊሠራ አስቦ ያልሆነለትን ሁሉ እዚያው ግጥም እያደረጉ ሰውን ማስለቀስ ያስፈልጋል። ሕግም አለው። ለአንዱ ሟች የወጣ ሙሾ ለሌላ አይሰጥም፤ ከሟቹ ለቅሶና ከተዝካሩ ውጭም አይነሣም። ወይዘሮ አልጣሽ ይህን ሕግ አንድም ቀን አፍርሰው አያውቁም። ከሞላሌ እስከ ዘመሮ ትልቅ ሰው ሲሞት በቅሎ የሚላከው ወደ እሳቸው ቤት ነበር።

በ1930 ዓ.ም. ከአቶ ጌጡ በዕውቀቱ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋቡ። ሙሽራዪቱ ወንድሟን ይዛ የመጣችበት ሠርግ ተብሎ ብዙ ተቀልዶበታል። አቶ ጌጡ ግን ደግ ሰው ስለነበሩ ሕፃኑን እንደ ልጃቸው ተቀብለው፣ ቄስ ትምህርት ቤት አስገብተው አስተማሩ። በትዳራቸውም የትምወርቅን፣ መርስዔ ኃዘንንና አመተሥላሴን አፍርተዋል። አቶ ጌጡ በ1953 ዓ.ም. ሲያርፉ ወይዘሮ አልጣሽ እርሻውንም በጉንም ልጆቹንም ብቻቸውን ይዘው ቀሩ።

አቶ አፈወርቅ ዳዊት ከደገሙ በኋላ አዲስ አበባ ወርደው መጀመሪያ በአንድ ባንድ ውስጥ ትራምፔት ነፊ ሆኑ። ቀጥሎም ዘፈን በሸክላ በሚቀረጽበት ስቱዲዮ ተቀጥረው ድምፅ ቀራጭ ለመሆን በቁ። እኅታቸው በገበያው ሁሉ “የኔ አፈወርቅ በመኪና ድምፅ ይይዛል” እያሉ ሲኩራሩ የሰማ ሁሉ ያውቃል።

በመጋቢት 1957 ዓ.ም. ጓሳ የተባለው የጋራ ሣር መሬት ለአጨዳ ሲከፈት፣ አቶ ተገኘ ለአዲሱ ቤታቸው ክዳን ሣር አጭደው ሲመለሱ፣ በልግ የሞላው ወንዝ ወሰዳቸው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ዓለሚቱ ግድግዳው ቆሞ ጣሪያው ሰማይ በሆነ ቤት ውስጥ ለቅሶ ተቀመጡ። በዚያ ለቅሶ ወይዘሮ አልጣሽ ለወንድማቸው ካወጡት ሙሾ አንዱ ይህ ነበር፦

ቤቱ ሳይከደን ሣሩ ወንዝ ላይ ቀርቶ፣
ተገኘ ወንድሜ ወዴት ሄደ ከቶ?

ወይዘሮ ዓለሚቱ ይህን ሙሾ እንደ ርስት ቆጠሩት። ልጅ አልተረፈላቸውም፤ ከባላቸው የቀረላቸው ስሙና ሙሾው ብቻ ነበር።

በ1959 ዓ.ም. አቶ አፈወርቅ መጡና “እትዬ፣ የተገኘን ሙሾ በሸክላ ላስቀርጽልዎ። እርስዎም እኔም ብናልፍ ስሙ ሲጠራ ይኖራል” አሏቸው። ወይዘሮ አልጣሽ ነገሩን የተረዱት እንደ ቤተ ክርስቲያን ሰው ነው። ካህን በጸሎት የሟቹን ስም እንደሚያነሣ፣ ሸክላውም በዞረ ቁጥር ተገኘን የሚያነሣላቸው መሰላቸው። ስለዚህ እንደ ተዝካር ቆጥረውት ወይዘሮ ዓለሚቱን አስፈቀዱ። “ስሙ የሚጠራ ከሆነማ ይሁን” አሉ ወይዘሮ ዓለሚቱ። ወይዘሮ አልጣሽ እስከ ደብረ ብርሃን በበቅሎ፣ ከዚያም በአውቶቡስ አዲስ አበባ ገቡ።

ግድግዳው በጆንያና በብርድ ልብስ የተሸፈነ ክፍል ውስጥ ለብቻቸው አቆሟቸው። ወንድማቸው ከመስተዋት ወዲያ ሆነው በእጃቸው ምልክት ይሰጡ ነበር። ማይክሮፎኑን ያንኳኳል ተብሎ ደረት መምታት ተከለከሉ። ሳግ ድምፅ ያበላሻል ተብሎ ማልቀስም ተከለከሉ። ተቀባይ ሴቶች የት አሉ ብለው ቢጠይቁ በኋላ ይጨመራል ተባሉ። “ያለ ለቀስተኛ ሙሾ ያወጣሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ እሱም ለወንድሜ ስል” ይሉ ነበር።

የተጨመረውን የሰሙት በጥር 1960 ዓ.ም. ሞላሌ በአንድ ነጋዴ ልጅ ሠርግ ላይ ነው። ከአዲስ አበባ የመጡ ሚዜዎች በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ የሸክላ ማጫወቻ ይዘው ነበር። ብዙ ዘፈን ያለበት ትልቅ ሸክላ አደረጉ፤ ሰዉም ተነሥቶ ይጨፍር ጀመር። ጊታርና ኦርጋን ቀድመው፣ ትራምፔት ተከትሎ፣ ከዚያ የአንዲት ኮረዳ ድምፅ “ቤቱ ሳይከደን” ብሎ ገባ። ድምፁ የተቀረጸበትን ቴፕ ፍጥነት ጨምረውት የአርባ ሰባት ዓመት ሴት ድምፅ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ድምፅ ሆኗል። እንደ ገደል ማሚቶ የሚመልስ ነገርም አስገብተውበታል። “ተገኘ ወንድሜ” ከሚለው ቦታ ላይ ስሙ የለም፤ በምትኩ ወንዶች “ሆ! ሆ!” ይላሉ። በሸክላው ልባስ ላይ ጎፈሬዋን ያበጠረች የማናውቃት ቆንጆ ትስቃለች።

ወይዘሮ ዓለሚቱ ከሠርገኛው መካከል ነበሩ። የለበሱትን ነጠላ አዘቅዝቀው ጥለቱን ወደ ላይ በማድረግ እንደ ሐዘንተኛ አጣፉትና ማንንም ሳይሰናበቱ ወጡ። ሰው በባላቸው ሙሾ ትከሻውን እየሰበቀ ነበርና።

ወይዘሮ አልጣሽ በማግስቱ ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ወንድማቸው ስቱዲዮ ጉዞ ጀመሩ። ልጃቸው የትምወርቅ አብራቸው ነበረች፤ ያየችውንና የሰማችውን ታስታውሳለች። አቶ አፈወርቅ አልደነገጡም። እንዲያውም ሥራቸውን ሊያሳዩ ወንበር ስበው አስቀመጧቸው። ሸክላ ማለት ክፍሉ ውስጥ የተባለው አይደለም፣ ከተባለው ተመርጦ፣ ተቆርጦና ተቀጥሎ የሚሠራው ነው ብለው አስረዱ። ቴፑን በምላጭ እንዴት እንደሚቆርጡና እንደሚያጣብቁ፣ የባንዱን ድምፅ በላዩ ላይ እንዴት እንደሚደርቡ አሳዩ። ሐዘን ከጭፈራ መሐል ሲገባ እንዳይታወቅ ዘፈኖቹን በቅደም ተከተል የሚደረድሩትም እሳቸው መሆናቸውን ነገሯቸው። ጥሩ አስተማሪ ነበሩ።

“ስሙንስ?” አሉ ወይዘሮ አልጣሽ።

“እትዬ፣ ስሙ ምቱን ሰበረው። ለማስገባት ሞክሬ ነበር፤ አልገባም አለ። ደግሞ የሰው ስም ያለበትን ማን ይጨፍርበታል?”

“የቆረጥከውን ስጠኝና ልሂድ።”

“እሱማ ወለሉ ላይ ወድቆ ከጥራጊ ጋር ወጣ።”

ወይዘሮ አልጣሽ በጀርባቸው አዝለው ያሳደጉትን ሰው አዩት። “ወንዙ እንኳ ሬሳውን መልሶልናል” ብለው ተነሡ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እዚህ የተቀመጣችሁ አብዛኞቻችሁ ታውቃላችሁ፤ አንዳንዶቻችሁም ሠርታችሁታል። አልጣሽ የወንድሟን ሙሾ ለዳንኪራ ሰጠች ተባለ። ለለቅሶ በቅሎ መላክ ቀረ። ወይዘሮ ዓለሚቱ በገበያ ሲያገኟቸው ፊታቸውን አዞሩ። ሽማግሌዎች ተሰብስበው ሲጠይቋቸው “ድምፁም የኔ፣ ሙሾውም የኔ ነው፤ ሌላ የምለው የለኝም” ብለው ዝም አሉ። የአፈወርቅን ሥራ አልተናገሩም፤ በአገሩ ሰው ፊት ላለማዋረድ ነው። ሐሜቱን ሁሉ ለብቻቸው ተሸከሙ። አቶ አፈወርቅ ግን ሐሜቱን እየሰሙ አንድ ቀን መጥተው “እኔ ነኝ” አላሉም። ሸክላው በመሸጡ ሌላ ሥራ በዝቶባቸው ነበር። እኛ የወይዘሮ አልጣሽ ልጆች ይህን እስከ ዛሬ አልረሳንም፤ ረስተናል ብንል ውሸት ነው።

ወይዘሮ አልጣሽ ከ1961 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በደረት ሕመም ተያዙ። ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ገብተው፣ ጠበልም ተጠምቀው ነበር፤ አልተሻላቸውም። በመጨረሻዎቹ ቀናት ልጆቻቸውን ሰብስበው “በሕይወቴ የሸሸግሁትን በቀብሬ ላይ አንብቡት፤ ዓለሚቱ ትስማው” ብለው አዘዙ። ይኸው እየተነበበ ነው። ወይዘሮ ዓለሚቱ ሆይ፣ ስሙን ከሙሾው ያወጡት ወይዘሮ አልጣሽ አይደሉም። እሳቸው ስሙን ጠርተውታል። ጥር 17 ቀን 1962 ዓ.ም. ንጋት ላይ፣ ሲያርፉም “ተገኘ ወንድሜ” እያሉ ነበር።

ልጃቸው የትምወርቅ ይህን ጽሑፍ ስታዘጋጅ ከቋሚ ዘመዶች ተራ የአቶ አፈወርቅን ስም ልትተወው እንደሆነ ለእናቷ ነግራ ነበር። ወይዘሮ አልጣሽ በዚያ ድካማቸው ከመደብ ቀና ብለው፣ “ጻፊው። ስም ቆርጦ መጣል የእሱ ሥራ ነው፤ የእኛ አይደለም” አሏት።

ስለዚህ ወይዘሮ አልጣሽ ፈንታ ልጆቻቸውን የትምወርቅ ጌጡን፣ መርስዔ ኃዘን ጌጡንና አመተሥላሴ ጌጡን፣ የወንድማቸውን ሚስት ወይዘሮ ዓለሚቱን፣ እንዲሁም አዝለው ያሳደጉትን ታናሽ ወንድማቸውን አቶ አፈወርቅ ፈንታን ትተው፣ በሃምሳ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐርፈዋል።

አምላከ ጻድቃን ነፍሳቸውን ከወንድማቸው ከተገኘ ፈንታ ነፍስ ጋር በአንድ ጥላ ሥር ያሳርፍልን። የሁለቱንም ስም በሕይወት መጽሐፍ ጽፎ ይጠብቅልን። አሜን።